እኔ ሳልመጣ ለማን ቀነስክ?

የተሰረዘ ዋጋ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ትንሽ ካርቶን ናት፤ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች። 1,800 ይላል፤ በላዩ ቀይ ሰረዝ ተጋድሞበታል፤ ከሥሩ 1,200 ተጽፏል። እሺ፣ 1,200ው ገባኝ። 1,800ውን ማን ከፈለ? በዚያ ዋጋ ገዝቶ የሄደ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ቢኖር ኖሮ እስካሁን ስሙ በታወቀ፣ በየቡናው በተነሳ፣ ልጆቹም "የባለ አሥራ ስምንት መቶው ልጆች" እየተባሉ ባደጉ ነበር።

የለም። ያ ዋጋ ሲጻፍም ሊሰረዝ ነው የተጻፈው።

አዲስ አበባ ላይ ሳየው ያን ያህል አይደንቀኝም። እዚያ "ሱቁ ስለሚለቀቅ ታላቅ ማጣሪያ" የሚል ሸራ ይሰቀልና፣ ሸራው ፀሐይ በልቶት እስኪነጣ ድረስ ሱቁ አይለቀቅም። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ባዛር በመጣ ቁጥርም ኤግዚቢሽን ማዕከል በድምፅ ማጉያ ቅናሽ፣ ቅናሽ ሲል ይሰነብታል። የአዲስ አበባ ሰው ጆሮው ለምዶታል፤ እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ሰምቶ አልፎት ይሄዳል። እኔን የደነቀኝ ይኸው ሸራ ደሴን አልፎ፣ የጉጉፍቱን ብርድ ችሎ፣ በአቀስታ አድርጎ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም መግባቱ ነው።

ያስገባው አንድ ወጣት ነው። ቦሌ የልብስ መደብር ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ሙያ ቀስሞ ተመለሰና ሱቅ ከፈተ። መስታወት አስገባ። ራስ የሌላት አሻንጉሊት አቆመ፤ ራስ ባይኖራትም አለባበሷ ከብዙዎቻችን ይሻላል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ፎጣ፣ የሕፃናት ልብስ ደረደረ። ለተማሪውም ጂንስ አመጣ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ ነውና፣ ተማሪ ደግሞ ምሳ ቢያጣም ጂንስ አያጣም። በመጨረሻ በሩ ላይ "ታላቅ ቅናሽ! ዋጋው ፊክስ ነው" ብሎ ለጠፈ።

ልጁ ሐቀኛ መሆኑን መመስከር አለብኝ። 1,200 ያለው በእውነትም መጨረሻው ነበር። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"ይሄ ብርድ ልብስ ስንት ነው?"

"ተጽፏል እማማ፤ 1,200።"

"እሱን አየሁት። ስንት ነው?"

ልጁ ፈገግ አለ፤ ቦሌ ላይ ለደንበኛ ፈገግ ማለት ተምሯል። አክስቴ ብርድ ልብሱን ዳሰሰች፣ ጨበጠች፣ ለቀቀች፣ አሸተተች። ከጫፉ አንዲት ክር መዘዘችና ክብሪት ጠየቀች። ልጁ "ኧረ እማማ፣ መደብር ውስጥ እሳት!" እያለ ወደ እጇ ሲንደረደር ክሯ ተቃጥላ አልቃ ነበር። ሱፍ ቢሆን እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር፤ ጥጥ ቢሆን ወረቀት ወረቀት ይል ነበር። ይቺ ግን ቀለጠችና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆና ቀረች።

"የደብረ ብርሃን አይደለማ!"

"የውጭ ነው እማማ፣ ሲንቴቲክ ነው። እኔም ሱፍ ነው አላልኩ። ለዚህ እኮ ነው ቅናሹ። ድሮ 1,800 ነበር፤ 600 ብር ቀንሰናል።"

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ በርጩማ ሳበች፤ ተቀመጠች። በእኛ አገር አንዲት ሴት ሱቅ ውስጥ ከተቀመጠች ነገሩ ገና ተጀመረ ማለት ነው።

"ለማን ቀነስክ?"

"ለሁሉም ነዋ።"

"እኔ ሳልመጣ?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። ይህን ቦሌ አላስተማረውም።

ሳስበው አክስቴ አልተሳሳተችም። ለእሷ ቅናሽ ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ፊቷን አይቶ፣ የማን ወገን እንደሆነች ጠይቆ፣ ጥቂት ተግደርድሮ፣ በመጨረሻ "ለእርስዎ ስል ነው" ብሎ የሚሸነፍላት ነጋዴ ትፈልጋለች። ይህ ልጅ ግን ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳይለምነው 600 ብር ጣለ። ለእሷም፣ ለማትወዳት ጎረቤቷም፣ ከሳይንት ለመጣ መንገደኛም እኩል ጣለ። ይህ ከስድብ በምን ይለያል?

በደንብ የተያዘ ክርክር ሥርዓት አለው። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢዋ ትደነግጣለች። ግማሹን ትጠራለች፤ አሁን መደንገጥ የሻጩ ተራ ነው። ደንቆሮ ጫካ ጎረቤታችን ስለሆነ ይሁን አይሁን እንጃ፣ የቦረና ነጋዴ ዝቅ ያለ ዋጋ ሲጠሩለት ጆሮው አይሰማም። ቀጥሎ መሐላ ይመጣል። ወሎ ላይ መሐላም ይዋዋሳል፤ ክርስቲያኑ ነጋዴ "ወላሂ የመጣበትን ነው የነገርኩዎት" ይላል፤ ሙስሊሟ ገዢ "በማርያም፣ ትንሽ ተወት አድርግልኝ" ትለዋለች። ሁለቱም እየዋሹ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የሚቀየም የለም።

ከመሐላው በኋላ መንገዱ ይነሳል። ዕቃው ከመርካቶ ደሴ፣ ከደሴ መካነ ሰላም እስኪደርስ ያለው ኪራይ፣ የአውራጅና የጫኝ፣ ዝናቡ፣ ጭቃው ሁሉ ይቆጠራል። ይህ ሁልጊዜ ሰበብ ነው አልልም። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ሱቁ ባዶ መደርደሪያ ሆኖ ሲሰነብት አይተናል፤ ያኔ "ቀንስ" ያለ ሰው አልነበረም፣ ጥያቄው "አለህ ወይ?" ነበር። ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ፀሐዩ በጋ ላይ መሬቱን ሲሰነጥቀውም ያው ጭቃ ይነሳል።

በመጨረሻ ገዢዋ ትወጣለች። መውጣቷ ከሥርዓቱ አንዱ ነው። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ካልተጠራች ቀስ ማለት ትጀምራለች፤ ነጠላዋ ይንሸራተትባታል፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ይገባል። "ነይ እሺ፣ ውሰጂው!" የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሲመጣ ጠጠሩ ወዲያው ይወጣል።

ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ቀይ ሰረዝ ሊጨርሰው ነበር።

ዋጋ ጽፎ፣ ቅናሽ አውጆ መሸጥ የሩቅ አገር ልማድ ነው። ፓሪስ ውስጥ ቦን ማርሼ የተባለውን መደብር ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳደገው አሪስቲድ ቡሲኮ ዋጋውን ጽፎ ለሁሉም እኩል በመሸጥ ስሙ የገነነ ነው። አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ላይ ደግሞ ጆን ዋናሜከር የተባለ ባለ መደብር በ1878 እ.ኤ.አ. በጥር ወር አንሶላና የአልጋ ልብስ በቅናሽ መሸጥ ጀመረ። ገና አልፏል፣ የሰው ኪስ ደርቋል፣ መደብሩ ጭር ብሏል። የዚያን ጊዜ አንሶላ ሁሉ ነጭ ነበርና "የነጭ ሽያጭ" ተባለ፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ፤ ዛሬ አንሶላው አበባ አበባ ቢሆንም ጥር ሲመጣ እዚያ አገር አንሶላና ፎጣ ይረክሳል።

እስቲ ይህን ለአክስቴ ንገሯት። በጥር! ነጭ ጨርቅ! ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለበት አገር ነው። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ጋቢው፣ ጥለቱ ሁሉም ወደ ላይ ነው። ሸማኔው ገና በታኅሣሥ "ሥራ በዝቶብኛል" ማለት ይጀምራል። ዋናሜከር ያንን ሽያጩን በጥር መካነ ሰላም ላይ ቢያውጅ ማንም አይሻማለትም፤ ሕዝቡ ይጠረጥራል። ብል በልቶበት ነው? አይጥ ገብቶበት ነው? አገር ሊለቅ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባለ ያደገ ሰው በበዓል ዋዜማ የረከሰ ነጭ አይነካም። ከዒድና ከአረፋ በፊትም ነገሩ ያው ነው። የእኛ ዋጋ ለበዓሉ ይወጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ መውረዱን ይረሳዋል።

ደጋው ላይ ግን ከሁሉ የማደንቀው ባና ሻጩን ነው። ከለጋምቦ ወይም ከሳይንት ቁር የመጣ ገበሬ በበግ ጠጉር የተሠራ ባናውን ለገበያ ያወጣል። አይዘረጋውም፣ አያጥፈውም፤ ይለብሰዋል። የሚሸጠውን ዕቃ ለብሶ፣ በዱላው ተደግፎ ይቆማል። የከተማ መደብር ቀኑ በመሸ፣ ወቅቱ ባለፈ ቁጥር ዋጋ ይጥላል፤ ዕቃው ከሚከርምብኝ ይሂድልኝ ይላል። ባና ሻጩ ተቃራኒው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ለዘብ ይላል፤ ትከሻውን ገለጥ ያደርጋል፣ ትነጋገራላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሳ የባናውን ጫፍ ሰብሰብ ያደርጋል፤ ዋጋውንም አብሮ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዋጋ ብትጠይቀው ልትገፈው የመጣህ ሽፍታ አድርጎ ነው የሚያይህ።

አንድ ጊዜ ደፍሬ "አባቴ፣ ገበያው ሊበተን ነው እኮ፣ ትንሽ አይቀንሱም?" አልኩት።

"ልጄ፣ ብርዱ ይቀንሳል?" አለኝ።

ለብሶት መጣ፣ ለብሶት ሄደ። ቀይ ሰረዝ ለዚህ ሰው ምን ይሠራለታል?

የእውነት ማጣሪያ ማየት የፈለገ ሰልባጅ ተራ ይሂድ። ልባሽ ጨርቅ ኮንትሮባንድ ነው፤ ጉምሩክ በየጊዜው ያዝኩ ይላል፤ ሰልባጁ ግን በየገበያው አለ። ጠዋት ቦንዳው ሲፈታ ዓይን ያላቸው ቀድመው ከበው ይመርጣሉ፤ እነሱ ደህና ዋጋ ይከፍላሉ። ረፋድ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የተረፈው ቁልል ይሆንና "አንሱ፣ አንሱ፣ በነፃ ነው!" ይባላል፤ በነፃ ግን አይደለም። ያኔ የቀረው አንድ እጁ የረዘመ ሹራብና በረዶ ላይ ለሚንሸራተት ሰው የተሰፋ ሱሪ ነው። ሲያልቅ አያምር ያሉት አባቶች ይህን ቁልል አይተው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም የፈጠነ ቅናሽ አለ። መገናኛ አመሻሹ ላይ፣ ላስቲክ ላይ የተዘረጋ ሸሚዝ ላይ እየተከራከርክ ሳለ "ደንቦች መጡ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሻጩ ላስቲኩን በአራት ጫፉ አፍሶ ሲሮጥ "በቃ በሰጠኸው!" ይልሃል። "ለተወሰነ ጊዜ ብቻ" የሚለው ማስታወቂያ እውነት ሆኖ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ፊክስ ዋጋ ለእኛ አዲስ ነው እንዳይባል ደግሞ ደርግ አለ። የቀበሌ ሱቅ ዋጋ ቁርጥ ነበር። ካርድህን ይዘህ፣ ተሰልፈህ፣ ተራህ ሲደርስ የተመደበልህን ትወስዳለህ። ማንም አይከራከርም፤ የሚከራከሩበት ጨርቅ መቼ ኖረና! ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዕቃው የለም። የተገኘ ቀን ደግሞ የመጣው አንድ ዓይነት ጣቃ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ልብስ ለብሶ ዓመት በዓል ይውላል። አክስቴ እስከ ዛሬ ዋጋ የተጻፈበት ጨርቅ ስታይ ከኋላዋ ሰው የተሰለፈ እየመሰላት ዞር ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ ራሱን ችሎ መሄድ ተማረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። በዚያ ክረምት ካርቶኖቹ ተገለበጡ፤ የሚሰረዘው ትንሹ፣ ከሥሩ የሚጻፈው ትልቁ ሆነ። ነጋዴው የሸጠውን መልሶ የሚተካበት ዋጋ አያውቅም፤ ስለዚህ መሸጥም ፈራ፣ አለመሸጥም ፈራ። እኛም ቁም ሳጥናችን ውስጥ የተቀመጠውን አንሶላ እያየን፣ ሳንነካው ሀብታም የሆንን መሰለን። አንድ ወዳጄ ለሠርጉ የተሰጠውን የአልጋ ልብስ ከነላስቲኩ አስቀምጦ "ይሄ ከደመወዜ የተሻለ አድጓል" ይል ነበር።

ታዲያ የአክስቴ ነገር የገጠር ሴት ኋላ ቀርነት ነው የሚል የተማረ ሰው አይጠፋምና ለእሱ አንድ ታሪክ ልንገረው። አሜሪካ ውስጥ ጄ.ሲ. ፔኒ የሚባል ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ የሚሸጥ ትልቅ መደብር አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአፕልን መደብሮች ያቋቋመው ሮን ጆንሰን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣና ነገሩን አየ። ዋጋው ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፣ ይሰረዛል፣ በኩፖን ይቀነሳል፤ በተጻፈበት ዋጋ የሚገዛ የለም። "ይህ ሁሉ ማታለል ምን ያደርጋል?" አለና ኩፖኑን አስቀረ፣ የውሸት ቅናሹን አስቀረ፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ ጻፈ። ሐቀኛ ሰው! ደንበኞቹ ጥለውት ሄዱ። የመደብሩ ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ወረደ፤ ሰውዬውም በ2013 እ.ኤ.አ. ከነሐቀኝነቱ ተሰናበተ። አዲሱ አስተዳደር ኩፖኑንም የተሰረዘውንም ዋጋ መለሰ። አሜሪካዊቷም ብትሆን ርካሽ አንሶላ ብቻ አይበቃትም ማለት ነው፤ ያስወረደችው እሷ መሆኗን ማወቅ ትፈልጋለች።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። በሳምንቱ ካርቶኖቹ ሁሉ ወርደው ነበር።

አክስቴ ስትገባ ያው ብርድ ልብስ፣ ያቺው ክር የተመዘዘችበት፣ 1,900 ነው አላት።

"ያ ረቢ! ምን በወጣኝ!" አለች፤ ፊቷ ግን በራ።

ስምንት መቶ ጠራች። ልጁ ጆሮው አልሰማም፤ ያገር ልጅነቱ ተመልሷል። ክሩን አነሳችበት፣ መንገዱን አነሳባት። የእናቱን አገር ጠየቀችው፤ ከላላ ነው አለ። የአክስቴ አማች የከላላ ሰው ነው። እንግዲህ ዘመድ ከዘመዱ አያተርፍም ተብሎ፣ እሷ ለመውጣት ተነስታ፣ እሱ ጠርቷት፣ 1,250 ላይ ቆረጡ። አንዲት የእጅ ፎጣም መረቀላት። ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ ስትቆጥርለት ልጁ ወደ እኔ አየ፤ እኔ አሻንጉሊቷን አየሁ። በካርቶኑ ላይ ከነበረው 50 ብር ጨምራ መክፈሏን ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ግን 650 ብር እንዳስወረደችው ላላወራችለት ሰው የለም። "ያ ልጅ ልብ ገዝቷል" ትላለች።

መዘዙ ደግሞ በማግስቱ መጣ። ጎረቤቷ ሄዳ "ለእሷ በሰጠህበት ስጠኝ" አለችው። ልጁ "እሷ እኮ ዘመዴ ናት" ብሎ ሊገላገል ሞከረ። በሳምንቱ ከላላ ዘመድ የሌለው ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ጠፋ።

ትናንት ወደ እኔ መጣ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል አዲስ ማስታወቂያ እንድጽፍለት ነው። "ታላቅ ቅናሽ" የሚለው ይቅር ተባባልን። "ፊክስ" የሚለውም ይቅር። ብዙ አወጣን፣ ብዙ ጣልን፤ በመጨረሻ ሰፊ ካርቶን ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ "ግቡ፣ እንነጋገራለን" ብዬ ጻፍኩለት። አማረ።

"ስንት ልክፈል?" አለኝ።

"300 ብር።"

ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ቀለሙን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ፊደሎቹን ቆጠራቸው። ከዚያ በርጩማ ሳበና ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ መጨረሻው ስንት ነው?"